ለከርከሮ የመረጥነው ቀስት

አባቴ ሃያ ዓመት ወታደር ነበር፤ አደን ግን ወጥቶ አያውቅም። ሰው ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጎ ያያቸዋል። እኔም በዚያን ጊዜ አንድ ይመስሉኝ ነበር፤ ለደረሰው ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

መንግሥት ሲለወጥ አባቴ ከሰሜን ተመለሰ። ጦሩ ተበትኖ፣ ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ከዚያም የቀድሞ ወታደሮች በተሰበሰቡበት ካምፕ ወራት ቆይቶ፣ አንዲት የመሸኛ ወረቀት ይዞ ነው ሶዶ መናኸሪያ የወረደው። እናቴ እሱ በሌለበት ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። እኔ አክስቴ ዘንድ እየኖርኩ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። መናኸሪያ ልቀበለው ሄጄ በአጠገቡ ሁለቴ አልፌዋለሁ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም የነበረ ሰው ነበር በልቤ ይዤው የቆየሁት። እዚያ የቆመው ግን አንገቱ የቀጠነ፣ በዚያ ሙቀት ወፍራም የወታደር ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ነው።

«ቁመትሽ የእናትሽ ነው» አለኝ ለሦስተኛ ጊዜ ሳልፍ፤ የማወቂያ ሰላምታችን ይህ ሆነ።

ሶዶ አልተመቸውም። የቀድሞ ጦር ወታደር መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች አንዳንዶቹ ያዝኑለታል፣ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ያዞሩበታል፤ እሱ ደግሞ ሁለቱንም አይፈልግም። ጥቂት ወራት እንደቆየ ከቤሌ በታች፣ ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላ ላይ ወዳለው የአያቴ መሬት ወረደ። በቆሎ ዘራ፤ ስኳር ድንችና ጎደሬ ተከለ። እኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየወረድኩ ክረምቱን አብሬው እቆያለሁ። የመንደሩ ሰው «ሃምሳ አለቃ» ነበር የሚለው። ማዕረጉን የሰጠው መንግሥት ባይኖርም እነሱ አልነጠቁትም።

በሁለተኛው ዓመት ከርከሮ ገባበት። የደረሰ በቆሎ እያጋደሙ፣ ስኳር ድንቹን ከሥሩ እየገለበጡ፣ በአንድ ጠዋት ግማሽ ማሳ ደመሰሱ። ድሮ በመንደሩ ጠመንጃ ያላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ያ ሁሉ ተሰብስቦ ተወስዷል። አባቴ ወደ ቀበሌ ሄዶ የጠመንጃ ፈቃድ ጠየቀ። የቀበሌው ሰው ወረቀቱን አየና «የማን ወታደር ነበርክ?» አለው። መልሱን እያወቀው ነው የጠየቀው። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ መጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በማግስቱ፣ «ቀስት የሚሠራ ሰው አለ አሉ» አለኝ።

በእኛ አገር የአደን መሣሪያ ጦር ነው፤ ቀስት ብዙም አይታወቅም። ከመንደሩ የአንድ ሰዓት መንገድ ወደ ቆላው ዘልቀው ግን አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። በልጅነታቸው ከታችኛው ደቡብ፣ በቀስት ከሚያድኑ ሰዎች መካከል የመጡ ናቸው። ወላይትኛውን በሌላ ዜማ ይናገሩታል። በመኸር ሰሞን ከርከሮና ዝንጀሮ ያስቸገረው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል።

አብሬው ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ቆዳ ዘርግተው ሸምበቆ ያቃናሉ፤ እሳት ላይ ሞቅ እያደረጉ በጥርሳቸው ይዘው ያጎብጡታል፣ ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጫፉን ያያሉ። ሁለት ጎልማሶች ለራሳቸው ጉዳይ መጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«ስንት ጊዜ አድነሃል?» አሉት አባቴን።

«አንድም ጊዜ።»

«ወታደር ነበርክ አሉኝ።»

«እሱማ ነበርኩ።»

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉና ወደ ቤት ገብተው ሦስት ቀስት ይዘው ወጡ። ሦስቱም ከለንቋጣ እንጨት የተሠሩ፣ ጅማታቸው ከበሬ ጀርባ የተፈተለ ነው። ትልቁ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ፣ መያዣው በፍየል ቆዳ ተጠቅልሏል። መካከለኛው ቀላ ያለ ነው። ትንሿ አጠር ብላ ከአያያዝ ብዛት የተነሣ የምታብለጨልጭ ናት፤ እሳቸው ራሳቸው ካረጁ ወዲህ የሚይዟት እሷን እንደሆነ ነገሩን።

«እያንዳንዱን እስከ ጆሮህ ሳበው። ከዚያ እኔ አሥር እስክቆጥር ያዘው። ከርከሮ አንተ ስትስብ ቆሞ አይጠብቅህም፤ ስበህ የምትጠብቀው አንተ ነህ። አሥር ሳልደርስ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ቀስቱ ያንተ አይደለም።»

አባቴ ትልቁን አነሣ። ሳበው፤ ጆሮው አጠገብም አደረሰው። ሽማግሌው መቁጠር ጀመሩ። አራት ሲሉ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አምስት ሲሉ ጅማቱ አመለጠው። ጥላ ሥር ከተቀመጡት አንደኛው ሳቅ አለ። መካከለኛውን ሰባት ድረስ ያዘው። ትንሿን ያለ ምንም ችግር አሥር አደረሳት።

«ይችን ውሰድ» አሉት ሽማግሌው። «ለመጀመሪያ አደንህ ይች ትበቃሃለች። ከአሥራ አምስት እርምጃ ርቀህ አትወርውር እንጂ ትገድላለች።»

አባቴ ትንሿን እጁ ላይ ገለባበጣት። ያ የሳቀው ሰው ለጓደኛው በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። የአባቴን ፊት አየሁት። ቀበሌ ውስጥ ወረቀቱን ሲያጥፍ የነበረውን ፊት አላየሁም፤ ግን ይሄው መሆን አለበት አልኩ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አስተማሪ ነሽ አሉ። ምን ትያለሽ?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አባቴ ቀኝ ትከሻው ላይ ፍንጣሪ እንዳለ አውቃለሁ። ሲታጠብ ጠባሳውን አይቻለሁ። ውኃ የሚሸከመው በግራው ነው፤ እንጨት ሲፈልጥም ከሦስት ምት በኋላ ያርፋል። ይህን ሁሉ የማውቀው እዚያ ከነበርነው ሰዎች እኔ ብቻ ነኝ።

«ትልቁን» አልኩ። «ወታደር ነው፤ ይለምደዋል።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ከሰሜን ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ሽማግሌው እኔንም እሱንም አዩና ክርክር አልጨመሩም። አባቴ ካፖርቱን አውልቆ ሰጣቸው፤ በዚያ ቆላ ለእሱ ምንም አይሠራለትም፣ እሳቸው ግን የክረምቱ ዝናብ አጥንታቸው ድረስ ይሰማቸው ነበርና ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። ስድስት የሸምበቆ ፍላጻም ጨመሩለት፤ ጫፋቸው ግን ባዶ ነው፤ ብረቱን አሠራ አሉት።

«እንደ ቅጠል ሰፋ ያለ ይሁን» አሉት። «ቀጭኑ ወግቶ ይቀራል፤ ሰፊው ያደማል። ደም ከሌለ ዱካ የለም።»

«መርዝ ይቀቡበታል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ አባቴ።

«ለማያውቅ እጅ መርዝ አልሰጥም።» ከዚያ ልንሄድ ስንነሣ አባቴን ክንዱን ያዙት። «አንድ ነገር። አቁስለኸው ካመለጠህ ያኑ ቀን ለመንደሩ ንገር። ልጅም ሴትም ወደ ጫካ እንዳይወርድ።»

«እሺ አባት» አላቸው።

የፍላጻውን ጫፍ የቤሌ ገበያ ቀን ከብረት ቀጥቃጭ አሠራን። ቀጥቃጩ የመኪና ስፕሪንግ ቆርጦ ስድስት ቅጠል አወጣለት። አንዷን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ጎተት አድርጎ ስለቷን ሞከረና «ከፊት እግሩ ኋላ፣ እዚህ ጋ» ብሎ የራሱን ብብት ነካ። «ሌላ ቦታ ከመታኸው ሥራዬ ይባክናል።»

ሁለት ሳምንት ተለማመደ። ዒላማው የተቆረጠ የእንሰት ግንድ ነበር። ከሃያ እርምጃ ይወረውራል፤ ፍላጻው ሦስት ጣት ያህል ገብቶ ይቆማል። «አየሽ?» ይለኛል። አያለሁ። የማየው ግን ሌላም ነገር ነው። እስከ ጆሮው አይስብም፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ ይለቀዋል። ማታ ራት ስናቀርብ በግራ እጁ ይጎርሳል። «ቀኝህን አመመህ እንዴ አባባ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት። «ቀስት ያልያዘ እጅ ነው፤ ይለምዳል» አለኝ። የእኔኑ ቃል መለሰልኝ።

ከእኛ ማሳ ቀጥሎ ያለው የአንዲት ሴት ማሳ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የምትኖር፣ በአባቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። እናቴን በልጅነቷ ታውቃታለች፤ እኔን «ልጄ» ትለኛለች፣ እኔም «እማማ» እላታለሁ። አባቴ ሲለማመድ አጥሩ ላይ ተደግፋ ታየው ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ ተወው ይቅርብህ» አለችው። «በየተራ ቆርቆሮ እየመታን እንጠብቅ። እኔም አለሁ።»

«እስከ መቼ ቆርቆሮ እንመታለን?» አላት።

«እህሉ እስኪገባ ነዋ።»

አልሰማትም።

የአደኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ከበቆሎው ዳር ካለ ትልቅ ኩይሳ ኋላ ተደበቅን። አባቴ ከፊት ተንበርክኳል፤ እኔን ከኩይሳው ጀርባ እንድቆይ አዞኛል። ነፋሱ ከገደሉ ወደ እኛ ይመጣል። ዝንቡ አስቸግሮናል። ብዙ ሳንቆይ ሦስት ከርከሮዎች ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው ከቁጥቋጦው ወጡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ጥርሱ የተጠቀለለ ወንድ። ወንዱ ስኳር ድንቹ ጋ ሲደርስ በፊት ጉልበቱ ተንበረከከ። ከርከሮ እንደዚያ ተንበርክኮ እንደሚበላ አላውቅም ነበር። ጸሎት የሚያደርግ ይመስላል።

አባቴ ሳበ። ከርከሮው ጎኑን አልሰጠውም፤ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ይቆፍራል። መጠበቅ ነበረበት፤ ጠበቀም። በልቤ ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። ሦስት። አራት። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መንቀጥቀጡ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ጀርባው ሲሄድ በሸሚዙ ላይ አየሁት። ከርከሮው ዞረ። ጅማቱ ጮኸ።

ፍላጻው ሆዱ ላይ ገባ፤ ከጎድን አጥንቱ ኋላ። የጮኸውን ጩኸት ልገልጸው አልችልም፤ የሰው ይመስላል ብዬ ባልፈው ይሻላል። ፍላጻውን እንደያዘ ወደ ገደሉ ሮጠ። አባቴ ተከተለው። እኔም ተከተልኩ። እስከ ገደሉ አፍ ድረስ የደም ጠብታ ነበር፤ ከዚያ በታች ሣሩ ይውጠዋል። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ፈልገን ተመለስን።

መንገድ ላይ፣ «ለሰው ልንነግር ነው?» አልኩት።

ብዙ እርምጃ ሄደ። «ሆዱ ነው የተመታው፤ ያድራል እንጂ አይውልም። ነገ ሬሳውን አገኛለሁ።»

«እሺ» አልኩ። እኔም መናገር አልፈለግሁም። ያ ጥላ ሥር የሳቀው ሰው መንደሩ ውስጥ ነው የሚኖረው።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ፈለገ። ሬሳ የለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እማማ ማጭዷን ይዛ ለላሟ ሣር ልታጭድ ወደ ገደሉ ስትወርድ ደጃችን ላይ ሆኜ አየኋት። እጄን አንሥቼ ሰላም አልኳት። እሷም አነሣች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጩኸት ሰማን።

ስንደርስ ሁለት ሰዎች ቀድመውናል። ጭኗ ከጉልበቷ በላይ እስከ ዳሌዋ ተተርትሯል፤ ነጠላዋን ጠቅልለው ይዘውበታል፤ ደሙ አልቆመም። አባቴ ሸሚዙን ቀዶ ከቁስሉ በላይ አሠረ፤ እንጨት አስገብቶ አጠበቀው። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ያን ሥራ ያውቀዋል። ቃሬዛ ሠርተን በየተራ እየተሸከምን ዋናው መንገድ ላይ አወጣናት። እህል የጫነ አይሱዙ ቆመልን። ከጆንያዎቹ ላይ አስተኝተናት ወደ ሶዶ ሆስፒታል እኔ አብሬያት ሄድኩ።

መንገዱ ጉድጓድ ነው። በዘለለ ቁጥር እጄን ትጨብጠዋለች። አንድ ቦታ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

«ከርከሮው ጎኑ ላይ ፍላጻ ነበረበት» አለች።

ነጠላዋን ቁስሉ ላይ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

«አየሁት፤ የተሰበረ ፍላጻ። ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ እማማ። አትናገሪ፤ ትደክሚያለሽ» አልኳት።

ሆስፒታል ሰፏት። ሦስት ሳምንት ተኛች። ሐኪሙ ሥሩ ተነክቷል፣ እግሩ እንደ ድሮው አይሆንም አለ። ልጆቿ ከያሉበት መጡ፤ እኔን እየመረቁ እጄን ሳሙኝ። ያ ምርቃት ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

አባቴ በዚያው ቀን ምን እንዳደረገ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ወደ ቆላ ስወርድ ነው። እኛ ሶዶ ስንሄድ እሱ ትልቁን ቀስት ይዞ ሽማግሌው ዘንድ ሄደ። የሆነውን ሁሉ፣ ለመንደሩ አለመናገሩን ጭምር ነገራቸው። ሽማግሌው አልቆጡትም፤ ትንሿን ቀስት አውጥተው ሰጡት።

«ያቆሰልከውን ጨርሰው። ከዚያ ለሰዎቹ ንገር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ፣ ቀጥሎ ማን እንዳጠፋ።»

ከገደሉ በታች፣ ውኃው የሚቆምበት ሸምበቆ ውስጥ በሁለተኛው ቀን አገኘው። ተኝቶ ነበር፤ ሊነሣ ሞክሮ አቃተው። ከስድስት እርምጃ ወረወረበት። ሞተ። የሚበላ ሥጋ አይደለምና እዚያው ቆፍሮ ቀበረው።

ይህን ሲነግረኝ ደጃፍ ላይ ተቀምጠናል። ከዚያ ያልጠየቅሁትን ነገረኝ። ስለ ጦርነቱ እስከዚያ ቀን አንድም ነገር ነግሮኝ አያውቅም።

«ስናፈገፍግ አንድ ልጅ ነበር፤ በእኔ ጓድ ውስጥ ያለ ወታደር። ሆዱን ነው የተመታው። ሁለት ቀን ተሸከምነው። በሦስተኛው ቀን አልቻልንም። ዛፍ ሥር አስቀመጥነው። ‹ሃምሳ አለቃ፣ እንደዚህ አትተወኝ› አለኝ። ያለኝ ገብቶኛል። ጠመንጃ ነበረኝ። ጥዬው ሄድኩ።»

እጄን ትከሻው ላይ ላሳርፍ ፈልጌ ቀኙ መሆኑን አይቼ ተውኩት።

«ከርከሮው ሸምበቆ ውስጥ ሲያየኝ…» ብሎ አልጨረሰውም። ተነሥቶ ላሟን ሊያጠጣ ሄደ። የእማማን ላም ማለቴ ነው፤ ሆስፒታል በቆየችበት ጊዜ ሁሉ እሱ ነው የጠበቃት።

እሑድ ከጸሎት በኋላ በጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ተናገረ። ከጸሎት ቤት ሃያ ዓመት ርቆ የቆየ ሰው ነው፤ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ፤ ማውለቅ አያስፈልግም ነበር። «ቀስቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ማቁሰሌን የደበቅሁት እኔ ነኝ» አለ። ስለ እኔ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ነበር፤ አልተነሣሁም። ሽማግሌዎቹ የእማማን ማሳ እሷ እስክትችል ድረስ እሱ እንዲያርስ ወሰኑ። እሱ ግን እስኪሞት አርሶላታል።

እማማ በምርኩዝ ተመለሰች። አባቴ ሄዶ እግሯ ላይ ሲወድቅ «ተነሥ፣ ተነሥ፤ ትልቅ ሰው አይደለህ» ብላ አነሣችው። እኔ ግን ዓመት ቆየሁ። በሚቀጥለው ክረምት ብቻዋን ጎመን ስትቀነጥስ አግኝቻት አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ትከሻውን እያወቅሁ ትልቁን ቀስት ያስመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ሽማግሌው ለመንደሩ ንገሩ ማለታቸውንም ነገርኳት። ያን ጠዋት እጄን ያነሣሁላትም ለሰላምታ ብቻ እንደነበር ነገርኳት።

መቀንጠሱን አላቋረጠችም።

«ትልቁን ያልሽው አባትሽ እንዳይዋረድ ነው። እሱ ይገባኛል» አለች። «እኔም ልጅ ብሆን እንደዚያው እል ይሆናል።» የቀነጠሰችውን ሰፌዱ ላይ አደረገች። «ግን ልጄ፣ ያን ጠዋት ደጃችሁ ላይ ነበርሽ። ማጭዴን አይተሻል። ‹ዛሬ ወደዚያ አትውረጂ› ለማለት ምን ያህል ይፈጃል? ሣር ሌላ ቦታም ነበር።»

ያልተቀነጠሰ ጎመን አንሥቼ አብሬያት መቀንጠስ ጀመርኩ።

ይቅር ብላኛለች። በአፏ ተናግራዋለች፤ የእሷን ቃል አልጠራጠርም። ለሠርጌ ሶዶ ድረስ በምርኩዟ መጥታ ከእናቴ ቦታ ተቀምጣ መረቀችኝ። ከዚያ በኋላም በየክረምቱ ስወርድ ለላሟ ሣር የማጭደው እኔ ነበርኩ፤ ያጨድኩትን ተሸክሜ ደጇ ላይ ሳወርድ «ተባረኪ» ትለኛለች፣ ከየት እንዳጨድኩት ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።